ሦስት ቀለበት የጎደለው ሰንሰለት

በቅሎዎቹ ወንዙ መሐል ሲደርሱ ውኃው ሆዳቸውን ነካ፤ የእኔዋ አልሄድም ብላ ቀጥ አለች። ከኋላዬ ጸሐፊው "ኧረ ንዳት! ካርታው ሊርስ ነው!" እያለ ይጮኻል። ካርታው በሰም በታሸገ የቆዳ ቱቦ ውስጥ ሆኖ እሱ ደረት ላይ ነው ያለው፤ እንደ አራስ ልጅ አቅፎታል። እኔ በአንድ እጄ ልጓሙን እስባለሁ፣ በሌላው ኮርቻዬ ላይ ያለውን ጆንያ ጨብጫለሁ። ጆንያው ውስጥ የመለኪያው ሰንሰለት አለ። እጄን አንዴ ላላ ባደርግ ሰንሰለቱ ከነጉዱ ሰምጦ ይቀር ነበር፤ ያንን ደግሞ ከልቤ ተመኝቻለሁ። ነገር ግን ሰንሰለት የጣለ ሰንሰለት ጎታች ከሥራ ይባረራል። እኔ በዚያን ዘመን ከሥራ መባረርን የምፈራውን ያህል እግዚአብሔርን እንኳ አልፈራም ነበር። አጥብቄ ያዝኩት።

አራት ነበርን። ፊት ፊት የሚሄዱት ዋና ቀያሹ ናቸው። ፊት ለፊት "ክቡርነትዎ" እንላቸዋለን፤ ዘወር ሲሉ ስማቸው "ባርኔጣ" ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት እየቆጫቸው ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ ጋሼ፣ ከዚያ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው። ጋሼን ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ጋሼ ነው የሚለው፤ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌው ዘበኛ ሳይቀሩ። ሃያ ዓመት ሰንሰለት ጎትቷል። እኔ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር።

ሥራችን ለመናገር ቀላል ነው። አገረ ገዥው ባወጡት ትእዛዝ መሠረት እያንዳንዱ የገበሬ ቤት ከወንዙ ዳር ጀምሮ ወደ ኮረብታው ሃያ ሰንሰለት መሬት ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈው የመንግሥት ነው። አንድ ሰንሰለት መቶ የብረት ቀለበት ነው። ፊተኛው አንደኛውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፣ ኋለኛው ሌላውን ጫፍ ችካሉ ላይ ይይዝለታል፤ ፊተኛው ሌላ ችካል ይተክላል፤ ወደዚያ ይሄዳሉ። ሃያኛው ችካል ላይ ድንበር ይቆማል። ጋሼ ፊተኛው ነበር፣ እኔ ኋለኛው። አሁን ልኬቱ ተጠናቆ ወደ ከተማ እየተመለስን ነው። በማግስቱ ጠዋት አገረ ገዥው ካርታው ላይ ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ አቤቱታ የሚሰማ የለም።

እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነበር። ሰንሰለቱ መቶ ቀለበት አልነበረውም።

ከአሥር ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ አንድ ገደል ስንሻገር ሰንሰለቱ በሁለት ድንጋዮች መሐል ተቀረቀረ። ጋሼ ማዶ ላይ ሆኖ አቅጣጫ ያያል። እኔ ተቻኩዬ ሳብኩት። አንዱ ቀለበት ተበጠሰ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተጣመሙ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሰንሰለት ሲበላሽ ሥራው ይቆማል፣ ሰንሰለቱ ወደ ከተማ ይላካል፣ ያበላሸው ሰው አለቃው ፊት ይቀርባል። ከእኔ በፊት የነበረው ኋለኛ በዚሁ ነገር ነው የተባረረው፤ ከጽሕፈት ቤቱ መኖሪያ ቤትም ዕቃህን በአንድ ቀን ውስጥ አውጣ ተብሎ ሚስቱ ምድጃዋን ከነትኩስ አመዱ ይዛ ስትወጣ አይቻለሁ። እኔ ያቺን ቤት ነው የተቀበልኩት። ሚስቴ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው።

ጉጠት ከኪሴ አወጣሁ። ሦስቱን ቀለበቶች አስወግጄ ደህናዎቹን ጫፎች አገናኘኋቸው። የጫማ ማሰሪያ ከማሰር የበለጠ ጊዜ አልወሰደም። ሦስቱን ብረቶች ኪሴ ከተትኳቸውና "ወጥቷል ጋሼ!" ብዬ ተጣራሁ።

ሰንሰለቱ በየሰኞው በልክ ዘንግ መፈተሽ ነበረበት። ባርኔጣ ግን ዘንጉ ለበቅሎ ይከብዳል ብለው ገና ከከተማ ስንወጣ ቢሮ ትተውታል፤ መዝገቡ ላይ ብቻ በየሰኞው "ተፈትሿል፣ ትክክል ነው" ብለው ይፈርማሉ። ስለዚህ ያስፈራኝ ዘንጉ አልነበረም። ያስፈራኝ የጋሼ ጸሎት ነው። ጋሼ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ሰንሰለቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በዘይት ጨርቅ ይወለውላል፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ "ማረን" ይላል። መቶ ቀለበት፣ መቶ ማረን። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው ያመሸው።

በዚያ ማክሰኞ "ጋሼ፣ ዛሬ ደክመሃል፤ ወገብህም ጥሩ አይደለም፤ እኔ ልወልውለው" አልኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላማ ሳይጠይቀኝ ዘይቱን ያቀብለኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ "ልጅህን በደህና ያሳይህ፣ ከበሽታ ይጠብቅልህ" ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን አልኩ።

ሰንሰለቱ ሦስት ቀለበት ሲያጥር ሃያኛው ችካል አሥራ ስድስት እርምጃ ቀደም ብሎ ያርፋል። ለአብዛኛው ሰው አሥራ ስድስት እርምጃ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነበር፤ ቅር እያላቸው ተቀበሉት። ረቡዕ ዕለት የለካንላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግን በዚያች አሥራ ስድስት እርምጃ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ነበራት። ወንዙ በበጋ ይደርቃል፤ ጉድጓዱ አይደርቅም። ችካሉን ከጉድጓዱ በዚህ በኩል ስንተክል ሮጣ መጣች።

"የኔ ልጅ" አለችኝ፤ ለባርኔጣ መናገር ፈርታ ይሆናል ወደኔ የዞረችው። "ይሄ ጉድጓድ እኮ በፊት በነበረው ልኬት ከውስጥ ነው። ባሌ ነው የቆፈረው። መሬት አድሮ ያጥራል እንዴ?"

ባርኔጣ ሰምተዋል። "የድሮው ልኬት በገመድ ነው እናቴ" አሏት በትሕትና። "ገመድ ይለጠጣል። ብረት ግን አይዋሽም።"

ብረቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ወንዙን ተሻግረን ባርኔጣ እርጥብ ካልሲያቸውን ሊቀይሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊው ቱቦውን ፀሐይ ላይ ያገላብጣል። ጋሼ ወደኔ መጥቶ ጆንያውን ጎተተ።

"ውኃ ነክቶታል። አሁኑኑ ካልተወለወለ ይዝጋል።"

"ተወው ጋሼ፣ እኔ አለሁ።"

"አሥር ቀን ሙሉ አንተ ነህ የሠራኸው። እኔን ሥራ አስፈትተህ ልታበላሸኝ ነው?" ሳቀ። እየሳቀ ወስዶ ጥላ ስር ተቀመጠ።

በቅሎዬን ውኃ አጠጣለሁ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። በቅሎዋ ጠጥታ ጨርሳለች፤ እኔ ግን አንገቷን ወደ ውኃው እጫናለሁ። ሰንሰለቱ ቀስ እያለ ሲንቃጨል ይሰማኛል። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ሲል ዞርኩ። ጋሼ የሰንሰለቱን መያዣ በሁለት እጁ ይዞ ወደኔ ያያል።

"ና እስቲ ተቀመጥ" አለኝ።

ተቀመጥኩ።

"ዘጠና ሰባት ነው።"

"ተሳስተህ ይሆናል።"

"ሁለቴ ነው የሄድኩበት። ጸሎቴ ሦስት ጎደለኝ።" መያዣውን አስቀምጦ፣ "ዘይት መቀባቱን የወሰድክልኝ ለዚህ ነው?" አለ።

ባዶውን ጆንያ ማጠፍ ጀመርኩ።

"እኔ እኮ መርቄህ ነበር" አለ። ቁጣ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በላው።

ሁሉንም ነገርኩት። ገደሉን፣ ጉጠቱን፣ ቤቱን፣ የሚስቴን ሆድ፣ ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው። ስጨርስ እጁን ያዝኩት። "እባክህ ጋሼ፣ በወለደችህ እናት። ነገ ማኅተሙ ያርፋል፤ ከዚያ ማንም አይጠይቅም። የእንጀራ ገመዴን አትበጥስብኝ።"

"ሴትዮዋስ? ባለ ጉድጓዷ?"

"አንድ ጉድጓድ ነው ጋሼ።"

"ሌሎቹስ? ከማክሰኞ ወዲህ ስንት ቤት ነው የለካነው?"

ሠላሳ አንድ መሆኑን አውቃለሁ። አላስታውስም አልኩት።

ጋሼ ሰንሰለቱን ሰበሰበ። "ከተማ ስንገባ ሰንሰለቱ አጥሯል ብዬ እናገራለሁ" አለ። "ማን እንዳሳጠረው አልናገርም። ያንተን ኃጢአት እኔ አልናዘዝልህም። የራስህን አፍ እጠብቃለሁ።"

"ያባርሩሃል! ፊተኛው አንተ ነህ፤ ሰንሰለቱ የተመዘገበው ባንተ ስም ነው። አምስት ልጆች አሉህ። አትፈራም?"

"አልፈራም ያልኩህ መቼ ነው? ይኸው እየው!" እጁን አሳየኝ፤ ይንቀጠቀጣል። "እፈራለሁ። ግን ፍርሃቴን የማስቀምጥበት ቦታ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየማታው እዚያ እያስቀመጥኩ ነው የምተኛው። የሚያኖረኝ ጽሕፈት ቤቱ ቢሆን ኖሮ ባርኔጣ ፊታቸውን ባጠቆሩ ቁጥር በሞትኩ ነበር። የሚያኖረኝ ሌላ ነው። አንተ ግን አምላክህን ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ አስቀምጠኸዋል፤ ስለዚህ ወንበሩ በተነቃነቀ ቁጥር ትነቃነቃለህ።"

በዚያ ሰዓት ይህ ንግግር የሃይማኖተኛ ሰው ወግ መስሎ ነው የተሰማኝ። ለልጆቹ ምን ሊያበላቸው ነው ብዬ ተናደድኩበት። ከተማ እስክንገባ ድረስ ከጎኑ አልሄድኩም።

ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ግቢው ውስጥ፣ በድንጋይ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት የነሐስ ምስማሮች ተመትተዋል፤ በመሐላቸው ያለው ርቀት ልክ አንድ ሰንሰለት ነው። ጋሼ ከበቅሎው እንደወረደ ባርኔጣ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

"ክቡርነትዎ፣ ሰንሰለቱ አጥሯል። ካርታው ሳይታተም ይታይልኝ።"

ሰንሰለቱ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። አንደኛውን ጫፍ አንደኛው ምስማር ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ኋለኛው ነኝና። ሌላኛው ጫፍ ሁለተኛውን ምስማር ሳይደርስ ቀረ። ጸሐፊው ክፍተቱን በስንዝር ለክቶ "ሦስት ቀለበት" አለ። ባርኔጣ በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገደዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። በየሰኞው የፈረሙትን ፊርማ እያሰቡ ነበር። እሳቸውም እንደኔ ፈሪ ነበሩ፤ ልዩነታችን የኮታችን ጨርቅ ብቻ ነው።

"ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ያጠረው?" አሉ።

"አላውቅም ክቡርነትዎ" አለ ጋሼ። እውነቱን ነው፤ እኔ ገደሉ ጋ አልኩት እንጂ እሱ ራሱ ያየው ነገር የለም፤ የእኔን ቃል ደግሞ በእኔ ፈንታ ላለመናገር ቃል ገብቷል።

"ቀኑ ካልታወቀ የትኛው ቤት እንደገና እንደሚለካ በምን እናውቃለን? ካርታው በሙሉ ሊሰረዝ ነው? ለክቡር አገረ ገዥው ምን ልበል?" ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "ምናልባት ዛሬ፣ ወንዙን ስንሻገር ተጎድቶ ይሆን? ኋለኛው፣ ጆንያውን የያዝከው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?"

ቀኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማክሰኞ፣ ከገደሉ ማዶ። ሦስት ቃል ነው። ሠላሳ አንድ ቤት እንደገና ይለካል፣ ጉድጓዱ ለሴትዮዋ ይመለሳል፣ እኔ ደግሞ ዕቃዬን አወጣለሁ። ሦስቱ ቀለበቶች ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይወጉኛል። ጋሼ አላየኝም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ፤ በዓይኑ እንኳ ሊያስገድደኝ አልፈለገም። ግድግዳውን እያየ ይጠብቃል።

"ዛሬ ወንዙ ላይ ይመስለኛል ክቡርነትዎ" አልኩ።

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ።

"ወንዙ ላይ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ መቼ ነው?"

"መቼ እንደሆነ አላውቅም። ወንዙ ላይ ግን አይደለም።"

"የማታውቀውን አትናገራ!" ባርኔጣ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ሁሉም ሰው እፎይ ያለ መሰለኝ፤ ጸሐፊው፣ ዘበኛው፣ በቅሎዎቹ ሳይቀሩ። ሰንሰለቱ በመመለሻ ጉዞ ላይ በፊተኛው ቸልተኝነት ተበላሸ ተብሎ ተጻፈ። ካርታው አልተነካም።

የጽሕፈት ቤቱ ኮት አምስት የነሐስ ቁልፎች አሉት። የሚባረር ሰው ኮቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቁልፎቹ ግን የመንግሥት ናቸው። ጸሐፊው መቀስ አምጥቶ አንድ በአንድ ቆረጣቸው። ጋሼ እጁን ጎንና ጎን አድርጎ ልብስ ሰፊ ፊት እንደቆመ ሰው ቆመለት። ሲጨርስ ኮቱን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ገጥሞ ያዘ፣ ለሁላችንም እጅ ነሣ፣ በእኔ በኩል ሲያልፍ "ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ" ብሎኝ ወጣ። ይህን ያለው ለሽሙጥ አልነበረም። ሽሙጥ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

በማግስቱ ማኅተሙ አረፈ። በሳምንቱ ፊተኛ ተደርጌ ተሾምኩ።

ሥራዬን አተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ ተረጋግቼ ሠርቼ አላውቅም። አለቃ ሲጠራኝ ዕቃዬን በሐሳቤ መሸከፍ እጀምራለሁ። ሁለት ሰዎች በረንዳ ላይ ሲንሾካሾኩ ስለኔ ነው እላለሁ። የልጄ ክርስትና ዕለት እንኳ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሰላም ሊለኝ በር ሲያንኳኳ እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ። ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተውኩም፤ ቆሜ የምለምነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥራዬን ጠብቅልኝ። እግዚአብሔር ለአንድ ወንበር ዘበኛ እንዲቆምልኝ ነበር ዓመታት ሙሉ የለመንኩት።

ባለ ጉድጓዷ ሴት በየዓመቱ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ትመጣ ነበር። የምትለው አንድ ነው፦ "በእግሬ ለክቼዋለሁ። አሥራ ስድስት እርምጃ ነው የሚጎድለው።" ብረት የለካውን በእግሬ ለካሁት በማለቷ ሰው ይስቅባታል። ፊተኛ ስለሆንኩ፣ መሬቷንም የለካሁት እኔ ስለሆንኩ፣ "አንተ አስረዳትና መልሳት" ይሉኛል። እኔም እወጣለሁ።

"እማማ፣ ታትሟል እኮ።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግን አሥራ ስድስት እርምጃ ነው።"

"ማኅተም አይፈርስም።"

"አልፈርስ ይበል። አንተ ግን አንድ ቀን መጥተህ እየኝ፤ አብረን እንቁጠረው።"

እመጣለሁ እላታለሁ። ከዚያ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ፤ በየዓመቱ ይበልጥ ትጎብጣለች፣ ቁጥሯ ግን ከአሥራ ስድስት ንቅንቅ አላለም።

በአሥረኛው ዓመት አልመጣችም። በዚያው ሰሞን ባርኔጣ ጡረታ ወጥተው አዲስ ዋና ቀያሽ ተሹመዋል፤ ወጣት ናቸው፣ የሚጠቀለል የብረት ጥብጣብ መለኪያ ይዘው መጥተዋል። ሰንሰለት ጎታቾች ሊቀነሱ ነው ተባለ። እንደ ልማዴ እንቅልፍ አጣሁ። ግን የገረመኝ፣ በየቀኑ ስለ ሥራዬ ስጨነቅ ዓይኔ የሚሄደው ወደ በሩ ነበር። ሴትዮዋን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ከእሷ መንደር የመጣ አንድ ባለጉዳይ ጠየቅኩ።

"እሳቸውማ በበጋው ዐረፉ" አለኝ። "ወንዙ ደርቆ፣ አሸዋውን ምሰው ውኃ ሊቀዱ ሄደው እዚያው ደክሟቸው ተገኙ። የመንግሥት ነው ተብሎ የተከለከሉት ጉድጓድ አጠገባቸው እያለ።"

ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቼ በየት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሰው አልነበረም። እንደ ልማዴ "ሥራዬን ጠብቅልኝ" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ስለ እውነት ለመናገር፣ አፈርኩ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ "ሥራው ይቅር፣ እኔን ያዘኝ" አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሰማይ አልተከፈተም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ከአሥር ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ስለ ወንበሬ ሳላስብ ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።

ቤት ሄጄ ለሚስቴ ነገርኳት። አንድ የጨርቅ ቋጠሮ ከሳጥኗ አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱ ቀለበቶች ነበሩ። ከኮቴ ገበር ውስጥ ደብቄአቸው ተመልሼ አላየኋቸውም ነበር፤ ለካ ስታጥብ ካገኘቻቸው ሰባት ዓመት ሆኗል።

"ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር" አለች። "አንተን የሚበሉህ እነዚህ መሆናቸውን ግን አውቄያለሁ። ሂድ በቃ። ቤት ሌላ እንፈልጋለን።"

በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ዋና ቀያሽ ፊት ቆምኩ። ሁሉንም ሰሙኝ። መዝገቡን አስወጡ፣ የባርኔጣን ፊርማዎች አዩ፣ ከዚያ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤

"ከየትኛው ቀን ጀምሮ?"

"ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ ክቡርነትዎ። ከገደሉ ማዶ ካለው ከመጀመሪያው ቤት። ሠላሳ አንድ ቤት።"

እንዲህ አጭር ነበር። ቃሌ ለአገረ ገዥው ቀርቦ ማኅተሙ ተነሣ፤ መሬቱ በዚያው ዓመት በአዲሱ ጥብጣብ እንደገና ተለካ፤ ጉድጓዱ ለሴትዮዋ ልጅ ተመለሰ። ልጇ ይቅርታዬን አልተቀበለችም፤ አልፈርድባትም። ከሠላሳ አንዱ ቤት ስምንቱ ተሸጠው ባለቤቶቻቸው የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም።

አምስቱ ቁልፎቼ በዚያው ጠዋት ተቆረጡ። የቆረጣቸው ያው ጸሐፊ ነው፤ መነጽር ጨምሯል። ኮቴን በእጄ ገጥሜ፣ ከተማውን አቋርጬ፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አሥር ዓመት በዚያ ሰፈር ላለማለፍ ስል መንገድ ስዞር ኖሬያለሁ።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ኮቴን አየች። ወንበር ጠርጋ ሰጠችኝ። ጋሼ ደጅ በኩል ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኑሮው እሱ ነው። ዓይኑ ደክሟል፣ ጣቶቹ በቃጫ ተሰነጣጥቀዋል። ለብሶት የነበረው ያንኑ ኮት ነው፤ በቁልፎቹ ፈንታ ራሱ የቋጠራቸው የገመድ ቋጠሮዎች አሉበት። ትልቋ ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት መቀጠሯን ሰምቼ ነበር። እምነቱ ከዚህ ሁሉ አላዳነውም። ፊቱ ግን ያው የወንዙ ዳር ፊት ነው።

እንደምን አለህ ስለው በድምፄ ለየኝ። "ሥራህስ?" አለ መጀመሪያ።

"የለኝም። ዛሬ ጠዋት ተናገርኩ።"

ገመዱን አስቀመጠ። "ፈራህ?"

"በጣም። አሁንም እፈራለሁ።"

"የት አስቀመጥከው?"

"አንተ የምታስቀምጥበት" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገረ። "እኔም በድያለሁ። ያን ቀን ስምህን መጥራት ነበረብኝ። ያንተን አፍ እጠብቃለሁ ብዬ ሠላሳ አንድ ቤት ውጭ አሳደርኩ። ደግነት መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ፈጀብኝ መሰለህ ይሄን ለማየት። ሴትዮዋ እንዴት ናት?"

ነገርኩት። አማተበ።

ሦስቱን ቀለበቶች ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አደረግኳቸው። ስላላያቸው በጣቱ ዳሰሳቸው፤ የተበጠሰውን፣ የተጣመሙትን ሁለቱን። ምን እንደሆኑ አልጠየቀኝም። "ዝገዋል" ብቻ አለ፤ ከዚያ ሚስቱን ዘይትና ጨርቅ አምጪልኝ አላት።

የመጀመሪያውን ወለወለ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን ወለወለ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛውን፣ የተበጠሰውን፣ ከነጨርቁ ለእኔ ሰጠኝ።

ወለወልኩት። ጊዜ ወሰደብኝ።

"ማረን" አልኩ።

"መቶ" አለ ጋሼ።